ከሳንቃው የገፋው ማን ነው?

አቶ አካለ ወልድ ገና ጢም ሳያበቅሉ፣ ከቁይ ገበያ ሲመለሱ ዝናብ ይዟቸው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ተጠልለው ሳለ የሰሙት ጨዋታ ነበር። ከቅጥሩ ወዲያ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። ፊታቸውን አላዩም፤ ካህናት ይሁኑ ገበሬዎች አላወቁም። በዚያ ሰሞን የአንድ ሰው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ገድሎት ኖሮ፣ አንደኛው «በኃጢአቱ ነው እንጂ ቤት እንዲሁ አይፈርስም» ይላል። ሁለተኛው ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ «ይሆናል ወንድሜ። ግን ምሰሶውን ምስጥ በልቶት እንደሆነ ሄደህ አይተሃል?» አለው። የፊተኛው ምን ብሎ እንደመለሰ አቶ አካለ ወልድ አያስታውሱም። ዝናቡ አባርቶ መንገዳቸውን ቀጥለው ይሆናል። ብዙ ዓመት አለፈ።

ይህ ታሪክ በሆነበት በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. አቶ አካለ ወልድ ጠጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ በደብረ ማርቆስ እህል ተራ የተሸካሚዎች አለቃ ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት ከጎለመሱ በኋላ፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ከቄሱ ድምፅ ጋር እያስተያዩ ነው። ብዙ አይናገሩም፤ ሰው ሲነግራቸው ግን እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። ስለዚህ የተቸገረ ሁሉ ጉዱን ለእሳቸው ይነግራል፤ እሳቸውም እንደ ጉድጓድ ይውጡታል።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ ከጉንደ ወይን እህል ሊጭን ይመጣል የተባለው መኪና ቀረ። ተሸካሚዎቹ ተበተኑ። አቶ አካለ ወልድ በመጋዘኑ ደጅ ከተደረደሩት ጆንያዎች ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ፣ ኮት የለበሰ፣ ወረቀት የታቀፈ ወጣት ቀረብ አለ።

«ጋሼ፣ ልቀመጥ?»

«እህሉ የእኔ አይደለም፤ ተቀመጥ።»

ወጣቱ ተቀምጦ አቧራውን ካራገፈ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የተሸካሚዎቹን አለቃ ያውቋቸዋል?» አላቸው።

«በመልክ አውቀዋለሁ።»

«አስቸጋሪ ሰው ናቸው አሉኝ። እሳቸው ካልፈቀዱ አንድም ተሸካሚ እውነቱን አይናገርም አሉ።»

«እኔም ሲባል እሰማለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ዝምተኛ ነው። ሚስቱ ግን ዝምተኛ አይደለችም።»

ወጣቱ ከት ብሎ ሳቀ። በዚህ መካከል ከማዶ ሱቅ አንድ ነጋዴ፣ «አለቃ አካለ ወልድ! መኪናው ለነገ ነው አሉ!» ብሎ ተጣራ። ወጣቱ እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ! እኔ እኮ…»

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ከሰማሁት የጨመርክብኝ ነገር የለም። የማን ልጅ ነህ?»

«የአማኑኤል ከተማ ሰው ነኝ። ውበቱ እባላለሁ፤ የአቶ አድማሴ ልጅ። አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፤ ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ትምህርቴ ስለ ሠራተኛና ስለ አሠሪ፣ ስለ ሥራ ፍትሕ ነው። ለመመረቂያ የሚሆን ጽሑፍ ስለ ተሸካሚዎች ኑሮ እንድጽፍ ታዝዤ መጣሁ።»

«ስለ ተሸካሚ ደግሞ ትምህርት አለ?»

«አለ ጋሼ።»

«እስቲ ከእኛ ልጆች ምን አገኘህ?»

ውበቱ ወረቀቱን ገለጠና አዲስ አበባ ተጽፎ የመጣውን ጥያቄ አነበበ። ‹ከአሠሪዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ ወይስ መጥፎ?› የሚል ነበር። «ሁሉም ‹በጣም ጥሩ› አሉኝ። ታረቀ የተባለው ደግሞ ‹ሰባት ልጅና ሁለት ሚስት አለኝ፤ ሁሉም ጥጋበኞች ናቸው› ብሎኛል፤ ጽፌዋለሁ።»

አቶ አካለ ወልድ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ታረቀ እኮ ሚስት ፍለጋ እናቱን በየመንደሩ የሚያዞር ወንደላጤ ነው!»

ውበቱ አፈረ። ሽማግሌው ግን ስላዘኑለት በእርጋታ አስረዱት። «ልጆቹ ባለጌ ሆነው አይደለም። በእኛ አገር ወረቀት ይዞ ‹ስንት አለህ? እንዴት ትኖራለህ?› የሚል ሰው መጨረሻው ግብር ነው። በቅርቡ በግብሩ ነገር ገበሬው ሲያምፅ በዚህ አገር የሆነውን አባትህን ጠይቅ። ደግሞ እንዳንተ ያለ ተማሪ ከዚህ በፊትም መጥቶ ነበር። ጠየቀን፣ በየተራ አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣን፣ ሄደ። የጻፈውንም ፎቶግራፉንም አላየነውም። አንተስ? ካባውን ለብሰህ ትመረቃለህ፤ ደስ ይበልህ። ለእኛስ ምን ሊተርፈን ነው?»

ይህ ጥያቄ የብዙ ድሀ ጥያቄ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ውበቱም ብልህ ቢሆን ኖሮ የማይፈጽመውን ተስፋ ይደረድር ነበር። እሱ ግን ብልህነቱ ገና ስላልበሰለ እውነቱን ተናገረ።

«ጋሼ፣ መንግሥት ያሻሽልላችኋል ብዬ አልዋሽዎትም፤ እኔ ተማሪ ነኝ። ግን አስተማሪያችን ስንለያይ አንድ ነገር አሉን፤ ‹ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ከሰዎቹ ጋር አጥኑ። ጥያቄውንም ከእነሱ ተቀበሉ። የጻፋችሁትን እኔ ሳላየው አስቀድማችሁ ለእነሱ አንብቡላቸው፤ ስህተት ነው ካሉ ስህተት ነው።› እኔ ነገሩ ሳይገባኝ ይህን ወረቀት ይዤ መጣሁ።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ስለዚህ ሥራ፣ መልሱን ባውቀው ብለው የሚመኙት ነገር ምንድን ነው?»

አቶ አካለ ወልድን ባለመኪናው ‹ቶሎ በል› ብሏቸው ያውቃል፤ ነጋዴው ‹ስንት ጆንያ ቀረ?› ብሏቸው ያውቃል። ‹ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?› ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። ጥያቄው ልባቸውን ሲነካው በውስጡ ተቀብሮ የነበረው የአንዱ ተሸካሚ የእንዳላማው ጉዳይ ተነቃነቀ።

እንዳላማው ከሚያዟቸው ልጆች ሁሉ ታታሪው ነበር። በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሰው ታቦት ሊያነግሥ ሲወጣ፣ አንድ ነጋዴ አስቸኩሎት ተሸክሞ ሳለ ኩንታሉን እንደያዘ ከመሬት ወደ መኪናው ከሚወጡበት ሳንቃ ወደቀ። ጭኑ ተሰበረ። ወጌሻ አስሮት አጥንቱ ገጥሟል፤ ግን ያነክሳል። ተሸካሚዎቹ ሁሉ ‹በበዓሉ ስለ ተሸከመ ሚካኤል ገፋው፤ ገና አልለቀቀውም፤ ከእኛ ጋር ቢውል መቅሠፍቱ ለእኛ ይተርፋል› አሉ። በመጪው እሑድ ማኅበራቸው ሲሰበሰብ ስሙን ከማኅበሩ ሊያወጡት ተስማምተዋል። ስሙ ከወጣ ደግሞ በዚያ ከተማ ማንም ኩንታል አያሸክመውም፤ ሲሞትም ቀባሪ አይኖረውም። ቃሉን የሚያጸናው አለቃው ነው። እሑድን እያሰቡ አቶ አካለ ወልድ እንቅልፍ አጥተው ነበር።

«ሰው ከሳንቃ ለምን ይወድቃል?» አሉ በመጨረሻ።

«ጭነቱ ከብዶት ነዋ!» አለ ውበቱ ፈጥኖ። «ኩንታል ሙሉ ለአንድ ሰው ጀርባ…»

«ቆይ፤ አትቸኩል። ጭነቱማ በየቀኑ ይከብዳል። ሰው የሚወድቀው ግን አንዳንድ ቀን ነው። ያውም በግዝት ቀን። ስለዚህ ሰዉ የመልአክ ቁጣ ነው ይላል። እኔም እንዲያው ነው የማምነው።»

«የወደቁትስ ራሳቸው ምን ይላሉ?»

«እሱን አትጠይቀኝ። በአደራ የተነገረኝ ነው።»

«ስም ሳይጠሩ ይንገሩኝ። ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም።»

በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል ምሳ ይዘው ደረሱ። ነገሩን ከመጨረሻው ሰምተው አገልግሉን ጆንያው ላይ አሳረፉና፣ «ይንገሩት እንጂ! አንቱ ሆድዎ በሰው ምስጢር ሞልቶ እኮ ነው ምሳ ይዤ ስመጣ ቦታ የማይገኝለት» አሉ።

«አንቺ ሴት፣ የሰው አደራ ነው።»

«እንዳላማው እሑድ ሲባረር አደራው ይጠቅመዋል? ለሚስቱ እህል የማበድረው እኔ ነኝ፤ አንቱ አይደሉም።»

አቶ አካለ ወልድ አማተቡ። ከዚያም ቃል እየመረጡ ተናገሩ። «ሦስት ሰዎች፣ በተለያየ ጊዜ፣ አንዱ ስለ አንዱ ሳያውቅ ነግረውኛል። አንዱን አሁን አንቺ ስሙን ጠራሽው፤ አንዱ ክንዱ ወልቆ ዳነ፤ አንዱ ከተማውን ጥሎ አገሩ ገባ። ሁሉም ያሉኝ አንድ ነው፤ ‹ሰው አልነካኝም፤ ከእግሬ ሥር አንሥቶ ወረወረኝ› ነው ያሉኝ። እኔም ‹ዝም በል፤ ለማንም አታውራ፤ የተቀሠፈ ትባላለህ› እያልኩ አስማልኳቸው። ስማቸው እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

እነሆ፣ ደግነት አንዳንድ ጊዜ በር ይዘጋል። ሦስቱ ሰዎች አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ቢጫወቱ ኖሮ ምናልባት ያኔውኑ ይደነቁ ነበር። ግን እያንዳንዱ ሐፍረቱን በልቡ ይዞ ለየብቻው ጠበል ወረደ።

ውበቱ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ሦስቱም ከሥር? ከጎን የተገፋ የለም?»

«የለም፤ ከሥር።»

«ሳንቃው የቱ ነው?»

«ያውልህ፤ ግድግዳው ላይ የተደገፈው። ለትልቁ መኪና የምናጋድመው እሱ ነው። ረጅም ነው።»

«ከወደቁት ሰዎች በስተኋላ ማን ነበር?»

«እሱማ ሁልጊዜ ሰው አለ። የእኛን አሠራር አላየህማ! ዘፈኑ አለ፤ ‹ተከተል፣ ተከተል፣ እግር እግሩን› እያልን ነው የምንወጣው። የፊተኛው ሳንቃው መሐል ሲደርስ የኋለኛው ከታች ይረግጣል። የቆመ ሰው ካለ ‹እርጉዝ ነህ ወይ?› እየተባለ ይሰደባል።»

«በግዝት ቀንስ?»

«በግዝት ቀን ደግሞ ግማሹ ሰው ይቀራል። የመጡት ጥቂቶች ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሳያያቸው ለመጨረስ በሩጫ…»

እዚህ ላይ አቶ አካለ ወልድ ቃላቸውን አቋረጡ። የተናገሩትን እንደገና በልባቸው የሚሰሙት ይመስሉ ነበር።

«በሩጫ ነው የሚወጡት» አለ ውበቱ ቀስ ብሎ።

«አዎ፤ በሩጫ።»

ሦስቱ ተነሥተው ሳንቃውን ከመጋዘኑ ከፍ ካለው ደፍ ላይ አጋደሙት። ከሥሩ ገለባ የሞላ ጆንያ ደረደሩ። ውበቱ ኮቱን አውልቆ መሐል ድረስ ወጣና አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ ኩንታል እንደተሸከሙ ሆነው በሩጫ ይርገጡት!»

«ልጄ፣ አባትህ ይጣሉኛል።»

«ይርገጡት!»

አቶ አካለ ወልድ የሽማግሌነታቸውን ነገር ረስተው በሩጫ መጥተው የሳንቃውን ታች ረገጡ። ሳንቃው ረገበ፤ ተመልሶም ዘለለ። ውበቱ እጁ እንደተዘረጋ ገለባው ላይ ተፈነቸረ። ከዚያ ከአቧራው ውስጥ፣ «ወረወረኝ!» ሲል ተሰማ። «ጋሼ! ከእግሬ ሥር አንሥቶ ወረወረኝ!»

ወይዘሮ የብርጓል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እሰይ! ሚካኤል ሆኑ ወይ አካለ ወልድ?»

እሳቸው ግን አልሳቁም። ሳንቃውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ በልጅነታቸው ከቅጥሩ ወዲያ የሰሙት ‹ሄደህ አይተሃል?› የሚለው ለስላሳ ድምፅ ትዝ ብሏቸው ተቀመጡ።

«ይህ ነገር ያስፈራኛል» አሉ። «በዓል መሻር ኃጢአት አይደለም ልትለኝ ነው?»

«አላልኩም፤ እኔም የክርስቲያን ልጅ ነኝ። የእንዳላማው ኃጢአት ካለ በእሱና በነፍስ አባቱ መካከል ነው፤ ንስሐውንም ገብቷል። ግን ሳንቃው ንስሐ አይገባም ጋሼ። ነገም ሌላ ሰው ይጥላል። ያን ጊዜ ደግሞ ለዚያኛው ሰው ኃጢአት ልትፈልጉለት ነው።»

«መልአኩ የተቆጣበትን ሰው ለመቅጣት ሳንቃ ያስፈልገዋል ወይ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «እንዳላማውን ያስቸኮለው ነጋዴስ? በዚያ ቀን በበቅሎው ሲጋልብ አላየሁትም?»

የአቶ አካለ ወልድ ምሳ ቀዘቀዘ። ከዚያ የጠየቁት እንደ ተከራካሪ ሳይሆን እንደ ተማሪ ነበር። «እሺ፤ እንደምትለው ይሁን። ይህን ብናውቅ ምን ይሆናል?»

ውበቱም በጣቱ አቧራው ላይ እየሳለ መለሰላቸው። «ሳንቃው ላይ ሁለት ሰው አይወጣም። የፊተኛው መኪናው ላይ ሳይረግጥ የኋለኛው አይነሣም። ዘፈኑ ይዘፈን፤ ግን በሳንቃው እንጂ በችኮላው ልክ አይሁን። ጭኑ የሚሰበር ሰው አይኖርም፤ አባቱን የሚጦር ልጅም ሥራ አጥቶ አይቀርም። ነጋዴውም ቢሆን የፈሰሰ እህል ከአቧራ አያስለቅምም፤ ይህን ሲነግሩት ከሁሉ ቀድሞ የሚስማማው እሱ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ የደረሰባቸውን ነገር አብረው ተቀምጠው መነጋገር ከለመዱ፣ የሚቀጥለውን ራሳቸው ያገኙታል፤ እኔ መምጣት የለብኝም። የእኔም ጽሑፍ ‹በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ› ከሚል ወሬ ይድናል። አስተማሪዎቼም የሚሠራውን ሰው ሳይሰሙ ስለ ሥራ ማስተማር እንደማይቻል ያያሉ።»

«አንተ ቆመህ ልትነግራቸው ነው?»

«እኔ ብነግራቸው ‹የአዲስ አበባ ተረት› ይላሉ። የወደቁት ራሳቸው ይናገሩ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ እሱንም ከፈቀዱልኝ። ጽፌ ስጨርስ ተመልሼ አነብላቸዋለሁ። ‹ይህ ይውጣ› ያሉት ይወጣል።»

«ካልተመለስክስ?»

«አባቴ የሚኖረው አማኑኤል ነው፤ ወዴት እሸሻለሁ? ሄደው በጆሮዬ ይጎትቱኛል።»

አቶ አካለ ወልድ ሳንቃው ከተረገጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እንዲህ ከሆነ አደራውን የሚፈቱት ባለቤቶቹ ናቸው። ተነሥ፤ እንዳላማው ዘንድ እንሂድ።»

ክንዱ ወልቆ የዳነውን ታረቀን በመንገድ አገኙትና ሽማግሌው ወደ ጎን ወስደው አነጋገሩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ፤ በመጨረሻም ውበቱን እያየ፣ «የሁለቱን ሚስቶች ነገር ከሰረዝክልኝ እናገራለሁ፤ እናቴ ከሰማች ታብዳለች» አለ።

እንዳላማው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ይገምድ ነበር። አለቃው ሲመጡ ሊነሣ ሲሞክር እጃቸውን በትከሻው ላይ አድርገው አስቀመጡት። ነገሩን ሁሉ ነገሩት፤ ስለ ሳንቃውም፣ ስለ ሌሎቹም። አብሯቸው የመጣው ታረቀ «አንዱ እኔ ነኝ» ሲል ገመዱ ከእጁ ወደቀ።

«አንተንም?» አለው።

«እኔንም። ከእግሬ ሥር» አለ ታረቀ።

«እኔ ብቻ መስሎኝ…» እንዳላማው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ማንም አላስቸኮለውም። ሲገልጠው ግን ፊቱ ላይ የነበረው እንባ ብቻ አልነበረም፤ ቁጣም ነበር። «ታዲያ አሁን ምን ሊሆን ነው? እውነቱ ቢታወቅ እግሬ ይስተካከላል? እሑድ ስሜን ባታወጡት እንኳ ኩንታል አልሸከምም። ለመቆም ብቻ ማን ይከፍለኛል?»

በውበቱ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልተጻፈም። መልሱ የመጣው ከአቶ አካለ ወልድ ነው።

«ሳንቃው ላይ አንድ ሰው ብቻ ይውጣ ካልን፣ ከታች ቆሞ የሚያስቆምና የሚለቅ ሰው ያስፈልጋል። እኔ አልችልም፤ መጋዘን ውስጥ ነኝ። ልጆቹ ደግሞ ሲሞቁ እግዜርንም አይሰሙ። የወደቀ ሰው ‹ቆይ› ሲላቸው ግን ይሰማሉ። ድርሻውንም ከማኅበሩ እንደ ማንኛውም ተሸካሚ ይወስዳል። ይህን እሑድ እኔ እናገራለሁ። ስምህን ከማወጣ አለቅነቱን ብተው ይሻለኛል። አንተ ግን መጥተህ የሆነብህን በአፍህ ትናገራለህ። ያለ አንተ አይሆንም።»

እንዳላማው ገመዱን ከመሬት አነሣ፤ ፈታ፤ እንደገና ጠቀለለ። ታረቀ ሊናገር ሲል አቶ አካለ ወልድ በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

«ሁሉም ፊት?» አለ እንዳላማው።

«ሁሉም ፊት።»

«ነጋዴው መጥቶ ‹ቶሎ በሉ› ሲልስ? እሱንም ‹ቆይ› እለዋለሁ?»

«ከሁሉ በፊት እሱን።»

እንዳላማው ወደ ተማሪው ዞሮ፣ «አንተ፣ እሑድ የምለውን ሁሉ ትጽፈዋለህ? እንዳለ?» ሲል ጠየቀው።

«እንዳለ። መልሼም አነብልሃለሁ።»

«እንግዲያው» አለ እንዳላማው፤ ግድግዳውን ተደግፎ በደኅናው እግሩ ተነሣ። «እሑድ እመጣለሁ፤ እናገራለሁም። ሰኞ ደግሞ ከሳንቃው ሥር እቆማለሁ።»